የደረቁ ዕፅዋት ማኅደር፦ የሄርባሪየም አገባብና የናሙና አያያዝ ደንቦች

ዕፅዋትን የሚያጠና ሰው ሦስት የሥራ ቦታዎች ያስፈልጉታል፤ እነርሱም መስክ፣ ቤተ ሙከራና ሄርባሪየም ናቸው። ስለ መስክና ስለ ቤተ ሙከራ በትምህርት ቤት ብዙ ይነገራል። ስለ ሦስተኛው ግን እምብዛም አይወሳም። ስለዚህም ወደ ሄርባሪየም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባ ተማሪ በር ላይ የሚነገሩት ደንቦች፣ ማለትም ቦርሳ ውጭ ማኖር፣ ትኩስ ቅጠል ይዞ አለመግባት፣ ወረቀት አለመገልበጥና በእስክሪብቶ አለመጻፍ፣ ያለ ምክንያት የተደረደሩ ክልከላዎች ሊመስሉት ይችላሉ። በዚህ ጽሑፍ ሄርባሪየም ምን እንደሆነ በአጭሩ ከገለጽን በኋላ፣ ከእያንዳንዱ ደንብ በስተጀርባ ያለውን ምክንያት ለአንባብያን ለማብራራት እንሞክራለን።

ሄርባሪየም ምንድን ነው?

ሄርባሪየም ማለት ተጭነው የደረቁ ዕፅዋት በወፍራም ወረቀት ላይ ተለጥፈው፣ ከነሙሉ መረጃቸው በሥርዓት ተደርድረው የሚቀመጡበት ስብስብ ነው። ስብስቡ የሚገኝበት ተቋምም በዚሁ ስም ይጠራል። ለዚህ አሠራር መነሻ የሆነው ከ1490 እስከ 1556 እ.ኤ.አ. የኖረው ጣልያናዊው የሕክምናና የዕፅዋት መምህር ሉካ ጊኒ እንደሆነ ይነገራል። የእርሱ ስብስብ እስከ ዘመናችን ባይደርስም የተከታዮቹ ሥራ ደርሷል፤ ለምሳሌ ኡሊሴ አልድሮቫንዲ ያሰባሰባቸው የደረቁ ዕፅዋት ዛሬም በቦሎኛ ይገኛሉ።

በመጀመሪያ ደረቆቹ ዕፅዋት የሚለጠፉት በተጠረዘ መጽሐፍ ገጾች ላይ ነበር። ይህ አንድ ትልቅ ችግር ነበረው፤ አዲስ ዕፅ ሲገኝ ከዘመዶቹ አጠገብ ማስገባት አይቻልም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ እያንዳንዱን ናሙና በተናጠል ወረቀት ላይ አድርጎ በቁም ሣጥን መደርደሪያ ማስቀመጥን መረጠ። የዛሬዎቹ ሄርባሪየሞች የሚሠሩትም በዚሁ መንገድ ነው። ወረቀቱ ሊነሣ፣ ሊነጻጸርና ወደ ሌላ አቃፊ ሊዛወር ይችላል። ነገር ግን ይኸው ምቾት አደጋን አብሮ አመጣ፤ ሊነሣ የሚችል ነገር ሁሉ ሊሰበር፣ ሊጠፋና ቦታው ሊሳሳት ይችላልና። ከዚህ በታች የምናያቸው ደንቦች አብዛኞቹ የተወለዱት ከዚሁ ነው።

በአሁኑ ጊዜ በዓለም ላይ ከ3,000 በላይ ሄርባሪየሞች ሲኖሩ፣ የያዟቸው ናሙናዎች ብዛት ወደ 400 ሚሊዮን ይጠጋል። የአገራችን ብሔራዊ ሄርባሪየም በ1959 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ሲሆን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ይገኛል። በ1980 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ2009 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው፣ 6,000 ያህል የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት የሚገልጸው ባለ ስምንት ቅጽ የፍሎራ ሥራ የተዘጋጀው በዚህና በውጭ አገር ሄርባሪየሞች የተቀመጡ ናሙናዎችን አንድ በአንድ በመመርመር ነው። ከእነዚህ ዕፅዋት ከመቶ አሥር ያህሉ ከእነዚህ ሁለት አገሮች በስተቀር በሌላ የትም የማይበቅሉ ናቸው።

አንድ ወረቀት ለምን ይህን ያህል ይከበራል?

አንድ ዕፅ ሳይንሳዊ ስም ሲሰጠው ስሙ ከአንድ ከተወሰነ ናሙና ጋር ለዘለቄታው ይታሰራል። ይህ ናሙና «ታይፕ» ይባላል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ «የስም መሠረት ናሙና» እንለዋለን። ከ1958 እ.ኤ.አ. መግቢያ ጀምሮ የስም መሠረት ናሙናው ያልተገለጸ አዲስ የዕፅ ስም በዓለም አቀፉ የስያሜ ሕግ ተቀባይነት የለውም። ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ናሙናው የተቀመጠበት ሄርባሪየም አብሮ መጠቀስ አለበት። ስለ ስሙ ክርክር ሲነሣ የመጨረሻው ምስክር መጽሐፍ ሳይሆን ይኸው ወረቀት ነው።

የአገራችን ዕፅዋት ታሪክ ይህን በሚገባ ያሳያል። ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር በ1837 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በ1878 እ.ኤ.አ. እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ እዚሁ ኖረ። በሰሜን ኢትዮጵያ የሰበሰባቸው እጅግ ብዙ ናሙናዎች ወደ አውሮፓ ተልከው ለበርካታ ዝርያዎች የስም መሠረት ሆነዋል። ካርቲን-ዲዮንና ፐቲ የተባሉት ሁለት ፈረንሳውያን ሰብሳቢዎች ደግሞ በጉዟቸው ላይ ሕይወታቸው አልፎ ወደ አገራቸው አልተመለሱም። ናሙናዎቻቸው ግን ፓሪስ ደርሰው አሺል ሪሻር ከ1847 እስከ 1851 እ.ኤ.አ. ላሳተመው የሐበሻ ዕፅዋት መጽሐፍ መሠረት ሆኑ።

በመጋቢት ወር 1943 እ.ኤ.አ. በርሊን በአየር ስትደበደብ የከተማይቱ ሄርባሪየም ተቃጠለ። በዚያ ሌሊት ከአብዛኛው ስብስብ ጋር ከአፍሪካ የሄዱ በርካታ የስም መሠረት ናሙናዎች አመድ ሆኑ። ሆኖም ሺምፐርን የመሰሉ ሰብሳቢዎች ከአንድ ተክል ብዙ ቅጂ ናሙናዎችን አዘጋጅተው ለተለያዩ ሄርባሪየሞች ስላከፋፈሉ፣ የብዙዎቹን ዝርያዎች ስም በሌላ ከተማ በተረፈ ቅጂ ላይ እንደገና ማቆም ተችሏል። ቅጂ ያልነበራቸው ግን እንደጠፉ ቀርተዋል።

የናሙና ጥቅም በስም ብቻ አይወሰንም። በ1987 እ.ኤ.አ. ኢያን ውድዋርድ የተባለ ተመራማሪ በእንግሊዝ አገር ሄርባሪየም የነበሩ የዛፍ ቅጠሎችን መርምሮ፣ በቅጠሎቹ ላይ ያሉት ጥቃቅን የመተንፈሻ ቀዳዳዎች (ስቶማታ) ብዛት በ200 ዓመት ውስጥ በ40 በመቶ ገደማ መቀነሱን አሳየ። ምክንያቱም በአየር ውስጥ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን መጨመሩ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከደረቁ የድንች ቅጠሎች የተወሰደ ዲኤንኤ በ1840ዎቹ አየርላንድን ለረሃብ የዳረገው የድንች ተባይ የትኛው የዘር ሐረግ እንደነበር ለይቶ አሳይቷል። ቅጠሎቹን የሰበሰቡት ሰዎች ስለ ዲኤንኤ ምንም አያውቁም ነበር። ከናሙና ጋር የምንሠራ ሁላችን ማስታወስ ያለብን ይህን ነው፤ ዛሬ የማይረባ የሚመስለን ቁራጭ ነገ ምን ጥያቄ እንደሚመልስ መገመት አንችልም።

የመግቢያ ደንቦች

ሄርባሪየም እንደ ቤተ መጻሕፍት ሆኖ ለጥናት ክፍት ነው፤ ነገር ግን መደርደሪያው ለማንኛውም አላፊ አግዳሚ የተተወ አይደለም። በአብዛኞቹ ሄርባሪየሞች ጎብኚው አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ፣ ማንነቱንና የሥራውን ዓላማ መግለጽ፣ ተማሪ ከሆነም ከአማካሪ መምህሩ ደብዳቤ ማቅረብ ይጠበቅበታል። ማየት የሚፈልገውን አስተኔ (የዕፅዋት ቤተሰብ)፣ ወገንና ዝርያ ዘርዝሮ ቢጽፍ ሠራተኞቹ ናሙናዎቹን አዘጋጅተው ሊጠብቁት ይችላሉ። ሲገባም ስሙንና የመጣበትን ቀን በመዝገብ ላይ ያሰፍራል። ይህ መዝገብ የቢሮ ወግ ብቻ አይደለም፤ አንድ ናሙና ጉዳት ቢደርስበት ወይም ከቦታው ቢታጣ መቼና በማን እጅ እንደነበረ የሚታወቀው በእርሱ ነው።

ምግብና መጠጥ ወደ ክፍሉ አይገባም። ውኃ በወረቀቱ ላይ ቢፈስ ቀለሙ ይሮጣል፣ ሻጋታም ይበቅላል። የዳቦ ፍርፋሪ ደግሞ ነፍሳትን ይጠራል። የደረቀ ዕፅ ትልቁ ጠላት እሳት ይመስለን ይሆናል፤ በዕለት ተዕለት ሥራ ግን ከእሳት ይልቅ የሚፈራው ከስንዴ ፍሬ የማትበልጥ ጥንዚዛ ናት። በእንጀራ እህል፣ በቅመማ ቅመምና በትንባሆ መጋዘን የሚገኙት «የትንባሆ ጥንዚዛ» እና «የመድኃኒት ቤት ጥንዚዛ» የሚባሉት ሁለት ዝርያዎች በሄርባሪየምም የታወቁ አጥፊዎች ናቸው። እጮቻቸው በተለይ አበባንና ፍሬን ይመርጣሉ፤ እነዚህ ደግሞ ዝርያን ለመለየት ይበልጥ የሚያስፈልጉት ክፍሎች ናቸው። ጥንዚዛዋ በልታ ስትጨርስ በወረቀቱ ላይ የሚቀረው ዱቄትና መለያ ጽሑፉ ብቻ ነው።

ትኩስ ዕፅ፣ ከመስክ የመጣ ጋዜጣና ያልታከመ ናሙና ወደ ስብስቡ ክፍል እንዳይገባ የሚከለከለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከውጭ የሚመጣ ማንኛውም ናሙና፣ በውሰት ወጥቶ የተመለሰም ቢሆን፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ በፍሪዘር ውስጥ ከዜሮ በታች በ20 ወይም በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ሳምንትና ከዚያም በላይ ይቆያል። ላስቲኩ የሚያስፈልገው ናሙናው ከፍሪዘር ሲወጣ የአየር እርጥበት እንዳይቋጠርበት ነው። ስለዚህ ላስቲኩ የሚፈታው ናሙናው ወደ ክፍሉ ሙቀት ከተመለሰ በኋላ እንጂ ወዲያው አይደለም። የቁም ሣጥን በር ከፍቶ መተውም የተከለከለ ነው፤ በሩ ጥብቅ ሆኖ የተሠራው ለነፍሳት፣ ለአቧራና ለእርጥበት መንገድ እንዳይሆን ነው።

በጠረጴዛ ላይ

የደረቀ ዕፅ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው፤ የሚከተሉትም ደንቦች ይህን መሠረት ያደረጉ ናቸው።

አንደኛ፣ ወረቀቱ ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ በአግድም ይያዛል። ናሙናዎችን እንደ መጽሐፍ ገጽ መግለጥ ፈጽሞ አይፈቀድም። በአቃፊ ውስጥ ያሉትን ለማየት የላይኛውን በሁለት እጅ አንሥቶ በጎን ማስቀመጥ፣ ከዚያም ቀጣዩን በላዩ ላይ መደርደር፣ ሲጨርሱም በተቃራኒው ቅደም ተከተል መመለስ ይገባል። ከቁም ሣጥን ወደ ጠረጴዛ ሲወሰዱ ከሥር ጠንካራ ካርቶን ይደረግላቸዋል። በአንድ ጊዜ ብዙ ክምር መሸከም ጊዜ የሚቆጥብ ቢመስልም አብዛኛው ስብራት የሚደርሰው ያኔ ነው።

ሁለተኛ፣ በናሙና ላይ መጽሐፍ፣ ማስታወሻ ደብተር ወይም ክርን አይደገፍም። ረዥም እጅጌና የሚንጠለጠል ሻሽ ይሰበሰባል። ናሙናን በማይክሮስኮፕ ማየት ሲያስፈልግ ወረቀቱን ማጠፍ ሳይሆን ረዥም ክንድ ያለውን ማይክሮስኮፕ ወደ ናሙናው ማምጣት ነው ተገቢው።

ሦስተኛ፣ ቅጠል ወይም ፍሬ ቢወድቅ አይጣልም፤ ወደ ኪስም አይገባም። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ለዚሁ የተለጠፈች ትንሽ የወረቀት ፖስታ አለች፤ የወደቀው ቁራጭ በእርሷ ውስጥ ይቀመጣል። ቁራጩ ከየትኛው ናሙና እንደወደቀ ጥርጣሬ ካለ ግን በግምት ማስገባት አይገባም። የሌላ ዝርያ ፍሬ በስሕተት የገባበት ናሙና ፍሬ ከሌለው ናሙና የከፋ ነው፤ ተከታዩን ተመራማሪ ያሳስታልና። ስለዚህ ለስብስቡ ኃላፊ መንገር ይሻላል።

አራተኛ፣ በክፍሉ ውስጥ የሚጻፈው በእርሳስ ብቻ ነው፤ በናሙናው ወረቀት ላይ ግን በእርሳስም ቢሆን አይጻፍም። በሰብሳቢው የተጻፈው የመጀመሪያ መለያ ጽሑፍ ስሕተት ቢኖርበት እንኳ አይሰረዝም፣ አይታረምም። ተመራማሪው የተለየ አስተያየት ካለው በትንሽ ወረቀት ላይ ትክክል ነው የሚለውን ስም፣ የራሱን ስምና ዓመቱን ጽፎ በኃላፊው በኩል እንዲለጠፍ ያደርጋል። አንድ ምሳሌ እንመልከት። በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ የሚበቅለው አንዱ ግራር ለብዙ ዘመን «አካሺያ አቢሲኒካ» ይባል ነበር። «አካሺያ» የሚለው ስም በ2005ና በ2011 እ.ኤ.አ. በተደረጉት ዓለም አቀፍ የዕፅዋት ጉባኤዎች በዋናነት ለአውስትራሊያ ዝርያዎች እንዲጸና በመወሰኑ፣ ዛሬ የእኛው ግራር «ቫኬሊያ አቢሲኒካ» በሚል ስምም ይገኛል። አሮጌው ስም ከወረቀቱ ላይ ተሰርዞ ቢሆን ኖሮ የቀድሞ መጻሕፍትን የሚያነብ ሰው ናሙናውን ፈልጎ ሊያገኘው ባልቻለ ነበር።

አምስተኛ፣ አንዳንድ ሄርባሪየሞች አንባቢው ናሙናን ራሱ ወደ ቁም ሣጥን እንዲመልስ አይፈቅዱም። ይህ የመተማመን ጉድለት አይደለም። በመቶ ሺ በሚቆጠሩ ወረቀቶች መካከል ቦታውን የሳተ ናሙና እንደጠፋ ይቆጠራል፤ አለ፣ ነገር ግን ማንም አያገኘውም።

ቁራጭ መውሰድ፣ ፎቶግራፍና ውሰት

የዲኤንኤና የኬሚካል ምርመራ እየተስፋፋ ከመጣ ወዲህ ከናሙና ላይ ቅጠል ለመቁረጥ የሚቀርበው ጥያቄ በዝቷል። ቅጠሉ አንዴ ከተወሰደ አይመለስምና ያለ ጽሑፍ ፈቃድ አይወሰድም። ኃላፊው ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት የሚያመዛዝናቸው ነገሮች አሉ፤ ሥራው ከመስክ በመጣ ትኩስ ናሙና ሊከናወን አይችልምን? በፖስታዋ ውስጥ ያለው ቁራጭ አይበቃምን? ናሙናው የስም መሠረት ነውን? አበባ የያዘው አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ቢሆንስ? ከተፈቀደም መጠኑ፣ ቀኑና የወሳጁ ስም በወረቀቱ ላይ ይመዘገባል፤ የምርመራው ውጤትም ለሄርባሪየሙ ይገለጻል። በኢትዮጵያ ደግሞ የጄኔቲክ ሀብትን ማግኘትና የማኅበረሰብ ዕውቀትን መጠቀም በአዋጅ ቁጥር 482/1998 የሚመራ በመሆኑ፣ ከሄርባሪየሙ ፈቃድ ሌላ የሕጉ ፈቃድም ሊያስፈልግ ይችላል።

ፎቶግራፍ ማንሣት ናሙናን አይጎዳም፤ እንዲያውም የመነካካትን ብዛት ይቀንሳል። ቢሆንም ፈቃድ መጠየቅና የሄርባሪየሙን ስም መጥቀስ ያስፈልጋል። ለመጥፋት የተቃረበ ዕፅ ከሆነ ትክክለኛ መገኛ ቦታውን በአደባባይ ማሳየት ለዘራፊ መንገድ ማመልከት ሊሆን ስለሚችል ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ውሰት የሚደረገው በተቋማት መካከል እንጂ ለግለሰብ አይደለም። ይህ ደንብ ጥብቅ መሆኑ ያስደንቅ ይሆናል፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የደረሰው ጉዳት ግን ደንቡም እንኳ አንዳንዴ በቂ እንዳልሆነ ያሳያል። ከፓሪስ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ለአውስትራሊያው የኩዊንስላንድ ሄርባሪየም በውሰት የተላኩ 105 ናሙናዎች፣ የስም መሠረት የሆኑትም ጭምር፣ አብሯቸው የተላከው ሰነድ ጉድለት ስለነበረበት በኳራንቲን ሠራተኞች ተቃጥለዋል። ናሙናዎቹ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተጠበቁ ነበሩ። ጥንዚዛም ጦርነትም ያላጠፋቸውን ያልተሟላ ቅጽ አጠፋቸው። ተበዳሪ ተቋም የማሸጊያውን፣ የሰነዱንና የመመለሻ ቀኑን ጉዳይ አጥብቆ እንዲይዝ የሚጠየቀው ለዚህ ነው።

የራስን ጤና መጠበቅ

ደንቦቹ ናሙናን ከሰው ብቻ ሳይሆን ሰውንም ከናሙና ይጠብቃሉ። በ18ኛው፣ በ19ኛውና በ20ኛውም ክፍለ ዘመን ብዙ ሄርባሪየሞች ነፍሳትን ለመከላከል ናሙናዎቻቸውን ሜርኩሪክ ክሎራይድ በተባለው መርዝ ይቀቡ ነበር። ይህ ንጥረ ነገር ለብዙ ዘመን ከወረቀቱ ጋር ይቆያል፤ ቀስ በቀስም የሜርኩሪ ተን ሊያወጣ ይችላል። ናፍታሊንም በሰፊው አገልግሏል። ስለሆነም ከአሮጌ ናሙናዎች ጋር የሚሠራ ሰው ጓንት ያደርጋል፣ ጣቱን በምራቅ አያርስም፣ ዓይኑንና አፉን አይነካም፣ ሲጨርስም እጁን በሳሙና ይታጠባል። ክፍሉም አየር የሚዘዋወርበት መሆን አለበት።

ናሙና የሚያስገባ ሰው ግዴታ

ሄርባሪየም የሚያድገው በሚሰጠው እንጂ በሚወሰደው አይደለም። በመድኃኒት ዕፅዋት ላይ የሚሠራ ተማሪ ሁሉ የመረመረውን ዕፅ ማስረጃ ናሙና ማስቀመጥ ይኖርበታል። ለምን ቢባል የአገር ስም ብቻውን አይበቃም። «እሬት» ስንል በአንድ ቃል የምንጠራቸው ዝርያዎች በኢትዮጵያና በኤርትራ ከ40 ይበልጣሉ። «የእሬት ጭማቂ ባክቴሪያ ገደለ» ብሎ የጻፈ ተመራማሪ ማስረጃ ናሙና ካላስቀመጠ፣ የትኛው እሬት እንደሆነ ሌላ ሰው ሊያረጋግጥ አይችልም፤ ሙከራውም ሊደገም አይችልም። በአንድ ዝርያ ውስጥም ልዩነት አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በአድዋ አካባቢ የእንዶድን ቀንድ አውጣ ገዳይነት ካስተዋሉ በኋላ በተደረገው ምርምር፣ የተለያዩ የእንዶድ ዓይነቶች ተሰብስበው ሲነጻጸሩ የኃይላቸው መጠን አንድ አለመሆኑ ታይቷል፤ ከመካከላቸውም «ዓይነት 44» የተባለው ተመርጧል። የትኛው ናሙና ከየት እንደመጣ በትክክል ባይመዘገብ ኖሮ ይህ ምርጫ ትርጉም ባልነበረው።

ናሙናው በተቻለ መጠን ቅጠል፣ አበባና ፍሬ የያዘ፣ ትንሽ ዕፅ ከሆነም ከነሥሩ የተነቀለ ይሁን። ይሁን እንጂ ዕፁ በአካባቢው በቁጥር አነስተኛ ከሆነ አይነቀልም፤ ቅርንጫፍና ፎቶግራፍ ይበቃል። መለያ ጽሑፉ የዕፁን ስም፣ የተሰበሰበበትን ቦታ፣ ከባሕር ወለል በላይ ያለውን ከፍታ፣ ቀኑን፣ የሰብሳቢውን ስምና ተከታታይ ቁጥር ይይዛል። «ከጎንደር» ብሎ መጻፍ ምንም እንዳልጻፉ ይቆጠራል። «ሰሜን ተራሮች፣ ከደባርቅ ወደ ሳንቃ በር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ 3,200 ሜትር ገደማ፣ ከአስታ ቁጥቋጦ መካከል» ተብሎ ቢጻፍ ግን ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ ሰው ወደዚያው ቦታ ሊመለስ ይችላል። ሲደርቅ የሚጠፉ ባሕርያት፣ እንደ አበባ ቀለም፣ ሽታ፣ የዛፉ ቁመትና ሲቆረጥ የሚወጣው ወተት ያሉት፣ መስክ ላይ እንዳሉ መጻፍ አለባቸው። የአካባቢው ሕዝብ የሚጠራበት ስምና የሚሰጠው ጥቅምም እንዲሁ፤ ዕፁ ቢተርፍ እንኳ ስሙን የሚያውቁት አረጋውያን ሊያልፉ ይችላሉና። ከተቻለ ከአንዱ ተክል ሁለትና ሦስት ቅጂ ይዘጋጅ፤ የበርሊን ቃጠሎ ያስተማረን ይህን ነው።

ማጠቃለያ

እስካሁን የዘረዘርናቸው ደንቦች ከአገር አገርና ከተቋም ተቋም በዝርዝራቸው ሊለያዩ ይችላሉ። ስለዚህ አንባቢው ወደ ማንኛውም ሄርባሪየም ሲሄድ የዚያን ተቋም መመሪያ አስቀድሞ መጠየቅ ይኖርበታል። ደንቡን ያከበረ ተማሪ የሚያገኘው ግን በሁሉም ዘንድ አንድ ነው፤ ከመቶ ዓመት በፊት በአንድ ሰብሳቢ እጅ የተቆረጠን ቅርንጫፍ ዛሬ በተቆረጠው ጎን አስቀምጦ የማነጻጸር ዕድል።

በአገራችን ደኖች ተመንጥረው፣ ረግረጎች ደርቀው፣ መስኮች ወደ ከተማ ተለውጠዋል። ከእነዚህ ቦታዎች በአንዳንዶቹ ቀድሞ ምን ይበቅል እንደነበር የሚመሰክርልን በሄርባሪየም የቀረው ወረቀት ብቻ ነው። በመሆኑም በየዩኒቨርሲቲውና በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ያላችሁ ተማሪዎች በአካባቢያችሁ የሚገኙትን ዕፅዋት በሥርዓት ሰብስባችሁ፣ ሙሉ መረጃቸውን ጽፋችሁ፣ ወደሚጠበቁበት ቦታ እንድታደርሱ እናሳስባለን።